«ለካ!» — ከመጫወቻ ባቡር ጠረጴዛ ዙሪያ የቀሰምነው ትምህርት

ስለ ከዋክብት፣ ስለ አቶምና ስለ ብርሃን በመሰል መጽሔቶች ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ርእስ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለ መጫወቻ ባቡር ነውና። «የፊዚክስ መምህር ስለ ልጆች መጫወቻ ምን ይጽፋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም አስቀድሞ እንዲሁ ብለን ነበር። ይሁንና ጽሑፉ ስለ ባቡሩ ብቻ አይደለም። ባቡሩን ከብበው ስለሚቀላለዱና ስለሚመካከሩ ሰዎች፣ እንዲሁም በእኛ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ስለ ሰፈነው ዝምታ ነው። ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

የምድር ቤቱ ማኅበር

ለዶክትሬት ትምህርት በጀርመን አገር በነበርንበት ወቅት፣ በአንድ ብርዳማ የጥር ምሽት የቤተ ሙከራችን ቴክኒሺያን ወደ አንድ ማኅበር ይዞን ሄደ። ማኅበሩ የሚሰበሰበው በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። በክፍሉ መካከል ሁለት ሰፋፊ ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል፤ በላያቸውም ከጀሶ የተሠሩ ኮረብታዎች፣ ዋሻዎች፣ ድልድዮችና ጣቢያዎች፣ ቁመታቸው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ተሳፋሪዎችም ይታያሉ። በዙሪያው የተሰበሰቡት ሰዎች ግን ልጆች አልነበሩም። ጡረታ የወጡ የቶርኖ ሠራተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሿ ከአያቷ ጋር የምትመጣ የ14 ዓመት ተማሪ ነበረች።

ጀርመን ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ጥንታዊ ቤቱ ናት ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1859 በጎፒንገን ከተማ የተቋቋመው የመርክሊን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ የመጫወቻ ባቡሮችን የሐዲድ ስፋት በቁጥር ወስኖ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የገዛው ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ ቻለ። ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው መጠን «ኤች-ዜሮ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ግማሽ ዜሮ» ነው። እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳንሰዋል። የተለመደው የባቡር ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

በመጀመሪያው ምሽት ያስደነቀን የሰዎቹ አነጋገር ነበር። በጀርመን ቋንቋም እንደ እኛው ሁሉ «አንተ» እና «እርስዎ» ይለያሉ። በማኅበሩ ውስጥ ግን ከበሩ ጀምሮ ሁሉም «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባላሉ፤ ልጅቱም ሽማግሌውን የቶርኖ ሠራተኛ «አንተ» ትላቸዋለች። የአክብሮት ቃሉ ቢቀርም አክብሮቱ ግን አልቀረም፤ ይህንን ለመረዳት ጥቂት ሳምንታት ፈጅቶብናል።

ቀልዳቸው ማብቂያ የለውም። በአንደኛው ጠረጴዛ ላይ ኮረንቲው በሁለቱ ሐዲዶች ብቻ ይመላለሳል፤ በሌላኛው ላይ ደግሞ በሐዲዶቹ መካከል በተደረደሩ ትናንሽ የብረት ነጥቦች በኩል ይመጣና በሁለቱ ሐዲዶች ይመለሳል። የሁለቱ ጠረጴዛ ሰዎች በሃይማኖት የተለያዩ ያህል ይከራከራሉ። አንዱ «የእናንተ ሐዲድ ቁልፍ የተተከለበት ካፖርት ይመስላል» ሲል፣ ሌላው «የእናንተ ባቡር ግን ከቁልፉም ከካፖርቱም ሳይሆን ቆሞ ቀረ» ብሎ ይመልሳል። ይህን እየተባባሉ ጉጠቱንና መፍቻውን እርስ በርስ ይቀባበላሉ።

ዝርዝር የሚያበዛውን ሰው «ችንካር ቆጣሪ» ይሉታል፤ በሎኮሞቲቩ ገላ ላይ ያሉት የብረት ችንካሮች ከእውነተኛው ጋር እኩል መሆናቸውን ይቆጥራልና። ሎኮሞቲቮች በመንኮራኩሮቻቸው ቁጥር እንደሚጠሩ የሚያውቁት የአሜሪካ ተጫዋቾች ደግሞ፣ ከሐዲድ የወጣውን ፉርጎ የሚያነሳውን የሰው እጅ «0-5-0» ብለው ሰይመውታል፤ አምስት ጣት አለውና። አንድ መሣሪያ ሲቃጠል «ምትሃተኛው ጭስ ወጣ» ይላሉ፦ መሣሪያው የሚሠራው በውስጡ ባለው ጭስ ኃይል ነው፤ ጭሱ ከወጣ ወዲያ አይሠራም ማለታቸው ነው። ያቃጠለውም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይስቃል።

«ለካኸው ወይ?»

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት በባለ ሁለት ሐዲዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ችግር ተፈጠረ። ባቡሩ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ደኅና ይሄድና፣ በጠረጴዛው ሩቅ ጫፍ ሲደርስ ያዘግማል። እኛም ዕውቀታችንን የምናሳይበት ሰዓት የደረሰ መሰለን። ስለ ሞተሩ ማግኔት፣ ስለ ጥርሶቹ ሰበቃ፣ ስለ ሙቀት አሥር ደቂቃ ያህል አብራራን። ሁሉም በጨዋነት አዳመጡ። በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው «ግሩም ነው፤ ለካኸው ወይ?» ሲል ጠየቀን። አልለካንም ነበር። ቴስተሩን በእጃችን አስያዘን።

ከትራንስፎርመሩ አጠገብ 12 ቮልት አነበብን፤ በሩቁ ጫፍ ባቡሩ እየሄደ ሳለ 10.5 ቮልት። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሐዲዱ የሚሠራበት ኒኬል ሲልቨር የተባለው ቅይጥ፣ በስሙ ብር ቢባልም ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞም ከንጹሕ መዳብ ከ15 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የሐዲድ መገጣጠሚያ ሲላላና አቧራ ሲይዝ የየራሱን ተቃውሞ ይጨምራል። ባቡሩ 0.5 አምፔር ቢስብ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ተቃውሞ በአንድነት 3 ኦም ቢሆን፣ 0.5 ሲባዛ በ3፣ 1.5 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል። ይህ የኦም ሕግ ነው፤ እኛ ለዓመታት ለሌሎች ያስተማርነው።

የቶርኖ ሠራተኛው ራሳቸውን ነቅንቀው «ኦም ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ነው» አሉ። ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። እኛም ሣቅን፤ ፊታችን ግን ጋለ። ሣቁ ገና ሳያበቃ ሽማግሌው አጠገባችን ተቀምጠው፣ ከትራንስፎርመሩ እስከ ሩቁ ጫፍ ወፍራም የመዳብ ሽቦ በጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ ከሐዲዱ ጋር በስታኞ እንዴት እንደሚበየድ ያሳዩን ጀመር። «እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሞተር ቀይሬአለሁ፤ አንተ አንድም ሳትቀይር ተማርክ» አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት ስንመለስ ከብየዳው አጠገብ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ አገኘን። «የዶክተሩ ሽቦ» ትላለች። ዶክትሬቱን ገና አልያዝንም ነበር።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተማርነው ጥቂት ነው። ሐዲዱ እንደ እንባ ጠብታ ዞሮ ወደ ራሱ ቢመለስ ምን ይሆናል? የ14 ዓመቷ ልጅ በሁለት ባለ ቀለም ክር አሳየችን፦ ቀዩ ሐዲድ ዞሮ ሲመለስ ከጥቁሩ ጋር ይገጥማል፤ በሌላ አነጋገር ሾርት ሰርኪዩት ወይም በተለምዶ ኮንታክት የምንለው ይፈጠራል። መፍትሔው ክቡን ክፍል በሁለቱም ጫፍ በፕላስቲክ ማገጃ ለይቶ፣ ባቡሩ በውስጡ ሳለ የዋናውን መስመር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማለዋወጥ ነው። በባለ ነጥቡ ጠረጴዛ ግን ሁለቱም ሐዲዶች አንድ ዓይነት ምሰሶ ስለሆኑ ችግሩ ከነጭራሹ አይነሣም። በዚያ ምሽት ካፖርቶቹ አሸነፉ።

አንድ ችንካር ቆጣሪ «ሁሉም ነገር በትክክለኛው መጠን መሆን አለበት» ባለ ጊዜም መልስ የሰጠችው ይህችው ልጅ ናት። ርዝመት 87 ጊዜ ሲያንስ የገጽ ስፋት 7,569 ጊዜ፣ ይዘት ደግሞ 658,503 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ 80 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በትክክለኛው መጠን 121 ግራም ብቻ ሊሆን ነው፤ ፉርጎዎቹን በሚገባ እንዲስብ ግን ተጫዋቾች ሆን ብለው ክብደት ይጨምሩበታል። የመታጠፊያው ራዲየስ በእውነተኛው መስመር 300 ሜትር ቢሆን በጠረጴዛ ላይ 3 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ በየቤቱ ያለው ጠባብ መታጠፊያ ደግሞ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። «ወይ ደንቡን አላላ፣ ወይ ቤትህን አስፋ» አለችው። እርሱም ሣቀና ስሌቱን እንድትጽፍለት ለመናት።

እኛም ከፈተናው አላመለጥንም። «የአገርህ ባቡር የሐዲድ ስፋት ስንት ነው?» ብለው ሽማግሌው ጠየቁን። በልበ ሙሉነት «የተለመደው» አልን። «አይደለም፤ 1 ሜትር ነው» አሉና፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 መጀመሩን፣ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 መድረሱን ነገሩን። ለገሃርን በየቀኑ እያየን አድገን ሐዲዱን ግን አንድ ቀን እንኳ አልለካንም ነበር። 1 ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለዚህም 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ እንደሚሸጥ አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ዛሬ እርሱን በጠረጴዛ ላይ ለመሥራት ተራው የኤች-ዜሮ ሐዲድ ይበቃል።

ከጠረጴዛው ሥር የተጀመረ ነገር

ይህ ሁሉ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው የሚል ካለ አንድ ታሪክ እናስታውሰው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1946 የሞዴል ባቡር ክበብ አቋቋሙ። ከአባላቱ ገሚሱ ተራራና ቤት መሥራት ሲወድ፣ ሌላው ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ በስልክ ማዞሪያ ሪሌዎች ባቡሮቹን የሚቆጣጠር ውስብስብ መረብ ይዘረጋ ነበር። እነዚህ ተማሪዎች የራሳቸው የቀልድ ቋንቋ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 መዝገበ ቃላት እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል። ዛሬ በክፉ የምናውቀው «ሀከር» የሚለው ቃል በዚያ ክበብ ውስጥ ብልሃተኛ ሥራ ለሠራ ሰው የሚሰጥ ስም ነበር። ከዚያው ክበብ የወጡ ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተሮች ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱ የሆነው «ስፔስዋር» በእነርሱ እጅ ተሠራ። በባቡር ጠረጴዛ ሥር እየተቀላለዱ ሪሌ የገጣጠሙ እጆች ናቸው ወደ ኮምፒውተሩ የተሻገሩት።

የእኛ ክፍል ዝምታ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ወደ አገራችን ተመልሰን ማስተማር በጀመርንበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጁን አነሣ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ለምን ዜሮ አልሆነም? መጽሐፉ ላይ ሽቦ ተቃውሞ የለውም ይላል» አለ። ሰዓቱ መሽቶ፣ ገና ያልፈተሽናቸው ስምንት ቡድኖች ነበሩ። «ይህን አሥረኛ ክፍል አልተማርክም እንዴ?» አልነው። ክፍሉ ሣቀ። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእኛ ክፍል አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል ተዛወረ። ምክንያቱ የእኛ ቃል ብቻ ነበር አንልም። አልነበረም ለማለት ግን አንደፍርም።

የሚያሳፍረን ነገር ዘግይቶ የተገለጠልን ነው። የልጁ ጥያቄ፣ እኛ በዚያ ምድር ቤት ሳናስብ የቀረነው ጥያቄ ነበር፦ ሽቦም ሐዲድም ተቃውሞ አላቸው፤ መጽሐፉ ዜሮ የሚለው ስሌቱን ለማቅለል ነው። ይህ ተማሪ ግን ከእኛ ይሻላል፤ ለክቶ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ለእኛ ያደረገውን እኛ ለተማሪያችን አላደረግንም። በሁለቱም ክፍሎች ሣቅ ነበር። በምድር ቤቱ ከሣቁ በኋላ አንድ ሰው ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀመጠ፤ በእኛ ክፍል ከሣቁ በኋላ የተከተለው ዝምታ ነው።

አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለዋል፤ ደግሞም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የመጀመሪያው ብሂል ሁለተኛውን አሸንፎታል ብለን እናምናለን። ይህም የሕዝባችን ጠባይ ሆኖ አይደለም። ቡና ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ እንዴት እንደምንቀላለድ ሁሉም ያውቃል። አንድ የጋራዥ ልጅ ፍሬን ባበላሸ ጊዜ ጓደኞቹ ስም ያወጡለታል፤ ወዲያው ግን መኪናው ሥር ተኝተው ያግዙታል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን በተግባር ያውቁታል። ጥያቄአችን ይህ ባህል ለምን የመማሪያ ክፍላችን በር ላይ ቆሞ ይቀራል የሚል ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን «ቀልድ ሥርዓትን ያፈርሳል» ይሉናል። ሥጋታቸው መሠረት የለውም አንልም። ጨዋታና ፌዝ በአንድ ክር ብቻ የተለያዩ ናቸው። በጥያቄው ወይም በስሕተቱ ላይ መሣቅና በጠያቂው ማንነት፣ በመጣበት ስፍራ ወይም በአነጋገሩ መሣቅ ፈጽሞ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ነውር ነው። በማኅበሩም ቢሆን ሰውን የሚያቆስል ቃል ስትወጣ ሽማግሌው ዞር ብለው ያዩ ነበር፤ ያ ይበቃል። ተማሪው መምህሩን «አንተ» ይበል ማለታችንም አይደለም፤ «እርስዎ» እየተባባሉም መጠየቅና መሣቅ ይቻላል። ሌሎች ደግሞ «ለሰማንያ ተማሪ አንድ ቴስተር ይዘን ስለ መጫወቻ ባቡር ታወራላችሁ?» ይሉናል። እውነት ነው፤ የመሣሪያ እጥረቱን የምናውቀው እኛው ነን። ነገር ግን ተማሪው «አልገባኝም» ለማለት እንዲደፍር የሚያስፈልገው መሣሪያ የእኛ ፊት ነው።

ምን እናድርግ?

ከእነዚያ ሰዎች የወሰድናቸውንና ዛሬ በቤተ ሙከራችን የምንሠራባቸውን ልማዶች ለተማሪዎች እናካፍል። የመጀመሪያው፣ ርዳታ ስትጠይቁ «አልሠራ አለኝ» ብቻ አትበሉ፤ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንዳያችሁና ምን እንደለካችሁ ተናገሩ። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስት ነገር የለወጠ ሰው ቢሳካለትም የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ሦስተኛው፣ ቀልዱን ከራሳችሁ ስሕተት ጀምሩ። አራተኛውና የሚረሳው፣ የተመከራችሁበትን ሞክራችሁ ውጤቱን ለመካሪው መልሳችሁ ንገሩ፤ ምክሩ ስሕተት ከነበረ እርሱም ይማራልና። ለመምህራን ደግሞ አንድ ብቻ እንጨምር፦ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ የራሳችንን ስሕተት በክፍል ፊት እንናገር። እኛ «የዶክተሩን ሽቦ» ታሪክ ስንናገር፣ ክፍሉ ከሣቀ በኋላ የሚነሡት እጆች ከወትሮው ይበዛሉ።

መጀመር ለምትሹ ደግሞ ባቡር መግዛት አያስፈልግም። ሁለት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ብርጭቆዎች ውሰዱና ሰፊ አፋቸውን ገጥማችሁ በፕላስተር አጣብቁ። ሌሎች ሁለት ደግሞ ጠባብ ቂጣቸውን ገጥማችሁ አጣብቁ። ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችን ትይዩ አድርጋችሁ ጥቂት አዘንብሉና ሁለቱንም በየተራ አንከባሉ። አንደኛው ወዲያና ወዲህ ቢልም ራሱን ወደ መካከል እየመለሰ ይወርዳል፤ ሌላኛው ወዲያው ይወድቃል። የእውነተኛ ባቡር መንኮራኩርም በውስጥ በኩል ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚጠብ መሆኑን አስታውሱና ምክንያቱን ተከራከሩበት። ስትከራከሩም ተቀላለዱ፤ የተሸነፈውም ለአሸናፊው ሻይ ይጋብዝ።

ያ ተማሪያችን ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ይህ ጽሑፍ እጁ ቢገባ ጥያቄው ትክክል እንደነበረ ይወቅልን፤ ይቅርታም እንጠይቀዋለን።

ዳቦ ጋጋሪው «ለካኸው ወይ?» ሲል ያላወቀው ነገር ቢኖር በእኛ ቋንቋ ቃሉ ሰምና ወርቅ እንዳለው ነው። «ለካ» ማለት መጥን ማለት ነው፤ «ለካ!» ማለት ደግሞ ያልጠበቁትን እውነት ድንገት ሲያገኙ የሚወጣ የአግራሞት ቃል ነው። ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይገኝም፤ መጀመሪያውም ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ይሻል። በሚቀጥለው የቤተ ሙከራ ሰዓት አጠገባችሁ የተቀመጠው ጓደኛችሁ «ሞኝ» የሚመስል ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ብትሥቁም ሣቁ፤ ከዚያ ግን ወንበራችሁን ሳቡና አብራችሁ ለኩ።